በጥቅምት የተረታ ወርዋሪ ታላቅ ይባላልን?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ አምድ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት፣ ለብቻው ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፦ ቸርችል ጎዳና አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት የማገለግል፣ መጽሔታችሁን በየወሩ የምከታተል አንባቢ ነኝ። ከ20 ዓመታት በላይ ዋሽንግተን አጠገብ የኖሩት አጎቴ ዘንድሮ ገናንና ጥምቀትን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ መጥተው ነበር። እሳቸው እዚያ ሲኖሩ የቤዝቦል ፍቅር አድሮባቸው የዋሽንግተን ናሽናልስ ቡድን ደጋፊ ሆነዋል። እኔ ደግሞ ጨዋታውን በስልኬ መከታተል ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል፤ ከሁሉም የምወደው በ2025 ከውድድር የተሰናበተውን የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪ ክሌይተን ከርሾን ነው። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር የዚህ ሰው ስም ይነሳና ክርክር እንገጥማለን። አጎቴ «ሰው የሚለካው በዋናው ቀን ነው። ይህ ልጅ ስድስት ወር ሙሉ ሲያሸንፍ ይከርምና ለዋንጫ የሚፋለሙበት ጥቅምት (ኦክቶበር) ሲገባ ይፈታል፤ እኛ ዋሽንግተኖች በ2019 ያየነውን አይተናል» ይላሉ። አብሮን የሚቀመጠው ጓደኛዬ ደግሞ ቤዝቦል የሚባለውን ነገር አንድ ቀን እንኳ አይቶ ሳያውቅ «በቃ፣ ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ያላመጣ ሯጭ ማለት ነዋ!» ብሎ በአጎቴ በኩል ተሰለፈ። አጎቴ ታላቄ ስለሆኑ አፍ ለአፍ አልገጠምኳቸውም እንጂ ነገሩ ጨርሶ አልተዋጠልኝም። ለመሆኑ አጎቴ ትክክል ናቸው? አሜሪካኖቹስ የእንዲህ ዓይነቱን ሰው ስም የሚመዝኑት በምንድን ነው?

የአራዳ አንባቢ

መልስ

አጎትዎ ያዩትን በትክክል አይተዋል፤ ያንን ምሽት ለመካድ የሚነሳ የከርሾ ደጋፊ ካለ እርሱን ተማምኖ ክርክር ውስጥ መግባት አይገባም። ኦክቶበር 9 ቀን 2019 ሎስ አንጀለስ ላይ ዶጀርስና ናሽናልስ፣ ከአምስት ጨዋታ ሦስቱን ያሸነፈ የሚያልፍበትን ፉክክር ሁለት ለሁለት አድርሰው አምስተኛውን ይጫወቱ ነበር። ዶጀርስ በመደበኛው ውድድር 106 ጨዋታ አሸንፎ የመጣ ቡድን ሲሆን፣ በዚያ ምሽትም 3 ለ 1 ይመራ ነበር። በ7ኛው ኢኒንግ (ዙር) የባላጋራው ቡድን ሁለት ሰዎች ቤዝ (የሯጮች ማረፊያ) ላይ ቆመው ሳለ ከርሾ ተጠርቶ ገባና የገጠመውን መቺ በሦስት ውርወራ ብቻ አሰናበተው። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምሽቱ የእርሱ የክብር ምሽት ሆኖ በተነገረ ነበር። አሠልጣኙ ዴቭ ሮበርትስ ግን በ8ኛውም ኢኒንግ እንዲቀጥል አደረገ፤ አንቶኒ ሬንዶን ኳሷን ከአጥር ማዶ ሰደዳት፤ ከእርሷ ቀጥላ የተወረወረችውን ኳስ ደግሞ ሁዋን ሶቶ እንዲሁ ከአጥር አሳለፋት። በሁለት ተከታታይ ውርወራ ሁለት ነጥብ ተቆጥሮ ጨዋታው 3 ለ 3 ሆነ፤ ናሽናልስም በ10ኛው ኢኒንግ 7 ለ 3 አሸንፈው አለፉ፣ የዓመቱንም ዋንጫ ወሰዱ። ከርሾ በተጫዋቾች መቀመጫ ላይ ብቻውን አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠበት ምስል እስከ ዛሬ ከስሙ ጋር ይወጣል። ከጨዋታው በኋላም በጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ፣ ስለ ጥቅምቱ የሚባልበት ሁሉ እውነት መሆኑን ሳያመካኝ ተቀብሏል።

ማስረጃ ይጨመር ቢባል አጎትዎ አይቸገሩም። በ2014 ከርሾ 21 ጨዋታ አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፎ፣ ለሊጉ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግን ሽልማትና የሊጉን የዓመቱ ኮከብነት በአንድ ላይ በወሰደበት ዓመት፣ ከሴንት ሉዊስ ጋር ባደረገው የመጀመሪያ የጥቅምት ጨዋታ 8 ነጥብ አስቆጥሮበት ወጥቷል። በ2023 ደግሞ በአሪዞና ቡድን ፊት አንድ ሰው ብቻ አሰናብቶ 6 ነጥብ ተቆጥሮበታል፤ በእኔ ዕይታ ከ2019ም የባሰው ይህ ነው፣ ማንም ሊያስተባብልለት አይችልምና። ጠቅላላውን ብንደምር በጥቅምት ጨዋታዎች 13 አሸንፎ 13 ተሸንፏል። በየ9 ኢኒንጉ የሚቆጠርበት አማካይ ነጥብም፣ ማለትም ወርዋሪዎች ከምንም በላይ የሚመዘኑበት ቁጥር፣ 4.62 ነው። በመደበኛው ውድድር ይኸው ቁጥር 2.53 ነበር።

ለጓደኛዎ ሲባል ጥቂት ስለ ጨዋታው መናገር ያስፈልጋል። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የገና ጨዋታ ይመስላል፤ ዱላ አለ፣ ኳስ አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። በቤዝቦል ወርዋሪው ከትንሽ ጉብታ ላይ ቆሞ፣ 18 ሜትር ከግማሽ ያህል ርቆ ዱላውን ወደ ያዘው መቺ ኳሷን ይወረውራል፤ መቺው በደንብ ካገኛት ይሮጣል፣ ሦስት ጊዜ ካመለጠችው (እያንዳንዷ ስትራይክ ትባላለች) ይሰናበታል፤ ሦስት ሰው ሲሰናበት ተራው ይለወጣል። እያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ ዘጠኝ ጊዜ ተራ ይደርሰዋል፤ ኢኒንግ የሚባለውም የሁለቱ ተራ በአንድነት ነው። ከርሾ ግራኝ ነው። ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ ያነሳል፣ ቀኝ እግሩን ሰቅሎ ለአንድ አፍታ በአየር ላይ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ በኋላ የምትመጣዋ ዝነኛዋ ጥምዝ ኳሱ ከሆነች ወደ መቺው ዓይን የምትሄድ መስላ ጉልበቱ ጋ ትወድቃለች። ከስፖርት አምድ ጋር በኖርኩባቸው ዓመታት ቤዝቦልን ሰነፍ ሰው የፈጠረው ጨዋታ አድርጌ ስቆጥር ኖሬ፣ አቋሜን ያስለወጠችኝ ያቺ ኳስ ናት።

አሁን እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር በስድስት ወር ውስጥ 162 ጨዋታ ይጫወታል። ጨዋታ የሚከፍት ወርዋሪ ክንዱ እንዲያርፍ በአምስት ቀን አንዴ ይወጣና በዓመት ሠላሳ ጊዜ ያህል ይሠራል። ከርሾ ለ18 ዓመታት፣ ያውም በአንድ ቡድን ብቻ፣ 2,855 ኢኒንግ ወርውሮ 223 ጨዋታ አሸንፏል፣ 96 ተሸንፏል። ከ1920 ወዲህ ቢያንስ 1,500 ኢኒንግ ከወረወሩ ጨዋታ ከፋቾች መካከል ከ2.53 ያነሰ ቁጥር ያለው የለም። ይህ ማለት የአባቶቹንም የአያቶቹንም ዘመን ጨምሮ ነው። የሳይ ያንግ ሽልማትን ሦስት ጊዜ፣ በ2011፣ በ2013 እና በ2014 ወስዷል። በጁላይ 2025 ደግሞ 3,000ኛውን መቺ በሦስት ስትራይክ አሰናብቶ በታሪክ 20ኛው፣ ከግራኞች 4ኛው ሰው ሆኗል፤ ያንን ያደረገው በዕለቱ በወረወራት 100ኛዋ ኳስ ነበር። በዚህ ሁሉ አንጻር የጥቅምቱ ሥራው 196 ኢኒንግ ነው፤ ከመደበኛው ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 7 ያህል መሆኑ ነው። እርስዎ መሥሪያ ቤት መዝገብ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ነገር ግን የሰኔ የመጨረሻዋ ሳምንት ብቻ ተደምራ ዓመቱ አይዘጋም።

ይህን ስል ግን የጥቅምት ኢኒንግና የሚያዝያ ኢኒንግ እኩል ይመዝናሉ ማለቴ አይደለም። በጥቅምት የሚቀሩት ጠንካሮቹ ቡድኖች ናቸው፤ አንዲት ስሕተት የዓመቱን ልፋት ይዛ ትሄዳለች፤ ተጫዋቾቹም ይህን ያውቁታል። የአጎትዎ ሚዛን ስሕተቱ ለጥቅምት ክብደት መስጠቱ ሳይሆን ሌላውን ሁሉ ከሚዛኑ ማውረዱ ነው።

ለዚህ ደግሞ የጓደኛዎ አነጋገር ጥሩ ማሳያ ነው። እኛ በሩጫ ያደግን ሕዝብ ነን፤ ሯጭ በአራት ዓመት አንዴ ትልቁ አደባባይ ላይ ይወጣል፣ 10,000 ሜትሩን 25 ዙር ብቻውን ይሮጣል፣ እንደ ቤዝቦሉ ወርዋሪ ከኋላው ኳስ የሚይዝለት ጓንት ያጠለቀ ሰው የለም። ስለዚህ በዚያች ቀን ብንመዝነው ያን ያህል አይፈረድብንም። ይሁንና በራሳችን ቤትም ሚዛኑ ሁልጊዜ አይሠራም። ገንዘቤ ዲባባ በ2015 ሞናኮ ላይ 1,500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ከ07 መቶኛ ሰከንድ ስትጨርስ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በሪዮ ኦሎምፒክ ያገኘችው ግን ብር ነው። ታዲያ መስቀል አደባባይ ማለዳ ደረጃ የሚወጡትንና የሚወርዱትን ወጣት ሯጮች ጠይቀን «ገንዘቤ በዋናው ቀን የወደቀች ናት» የሚል እናገኛለን? ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ2004 አቴንስ ላይ እግሩን እያመመው ሮጦ 5ኛ ወጥቷል፤ የዚያን ዕለት ቀነኒሳ በቀለ ወርቁን ሲወስድ የተሰማንን ደስታና ሐዘን በአንድ ላይ እናስታውሳለን እንጂ ኃይሌ አነሰ ያለ ሰው አልነበረም። የራሳችንን ሰዎች የምንመዝንበትን ሚዛን ለሰው አገር ልጅ መንፈግ ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንለፍ፤ ከርሾ በጥቅምት ለምን ይለወጥ ነበር? አንዱ መልስ ድካም ነው። ወርዋሪ በመካከል አራት ቀን ያርፋል፤ ዶጀርስ ግን ከ2013 እስከ 2016 በየዓመቱ በጥቅምት ሦስት ቀን ብቻ አሳርፈው አስወጥተውታል። ከእርሱ በኋላ የሚገቡት ወርዋሪዎች ስለማያስተማምኑም በ7ኛው ኢኒንግ ሌላው ቡድን ወርዋሪውን በሚቀይርበት ሰዓት እርሱ ይቀጥል ነበር፤ ከሚታወሱት ውድቀቶቹ ብዙዎቹ የደረሱትም በዚያችው ኢኒንግ ነው። የሚታመን ሰው ሸክም ይበዛበታል፤ ሸክም የበዛበት ደግሞ ሲወድቅ ከሌላው ይልቅ ይታያል። ይህ ግን የ2013ንና የ2014ን ይገልጽ እንደሆነ እንጂ የ2023ን አይገልጽም፤ ያን ጊዜ ከርሾ ዕረፍትም ነበረው፣ ቡድኑም ጠንካራ ነበር፤ በቃ ተመታ።

ሁለተኛው ምክንያት ከእርሱ ውጭ ነው። በ2017 የፍጻሜ ፉክክር ሂዩስተን ላይ በተደረገው አምስተኛ ጨዋታ ቡድኑ 4 ለ 0 አስቀድሞለት ሳለ 6 ነጥብ ተመዝግቦበታል። በጃንዋሪ 2020 ሜጀር ሊግ ይፋ ባደረገው ምርመራ የሂዩስተን ቡድን በዚያ ዓመት በራሱ ሜዳ የተቃራኒን ምልክት በካሜራ እየሰረቀ፣ የምትመጣዋ ኳስ ምን ዓይነት እንደሆነች የቆሻሻ በርሜል በመደብደብ ለመቺው ያሳውቅ እንደነበር ተረጋግጧል፤ ቡድኑም 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ወርዋሪ ያለው ትልቁ ሀብት መቺው አለማወቁ ነውና ያ ምሽት እንደ ሌሎቹ ሊቆጠር አይገባም እላለሁ። አጎትዎም ቢሆኑ በዚህ የሚስማሙ ይመስለኛል፤ ሂዩስተን በ2019 የፍጻሜ ተጋጣሚያቸው ነበርና።

ከርሾ ሦስት የዋንጫ ቀለበት አለው፤ የ2020፣ የ2024ና የ2025። ደጋፊዎቹ እነዚህን አንስተው ክርክሩን ሊዘጉ ሲሞክሩ አይቻለሁ፤ እኔ ግን ከእነርሱ ጋር አልስማማም። የ2020ው በሚገባ የእርሱ ነው፤ በፍጻሜው ሁለት ጨዋታ አሸንፏል። በ2024 ግን ቆስሎ ስለነበር በጥቅምት አንዲት ኳስ አልወረወረም። በ2025 ደግሞ ከፊላደልፊያ ጋር በሁለት ኢኒንግ ብዙ ተመትቶ በፍጻሜው ያሰናበተው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሽንፈቱ ብቻ አይመዘን የምንል ከሆነ ሌሎች ባሸነፉት ቀለበትም አይመዘን።

ስለዚያ አንድ ሰው ግን ጥቂት ልበል፤ አይቼዋለሁና። ዕለቱ በእኛ ጥቅምት 18 ነበር፣ ሰዓቱም ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፏል። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኔ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስልኬን ይዤ ነበር። ከቶሮንቶ ጋር የተደረገው ሦስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ በ9 ኢኒንግ አልለይ ብሎ ቀጠለ፤ ነጋ፤ ቢሮ መግቢያ ደረሰ። በ12ኛው ኢኒንግ ሁለት ሰው ተሰናብቶ፣ ሦስቱም ቤዝ በቶሮንቶ ሰዎች ተሞልቶ ሳለ የ37 ዓመቱ ከርሾ ተጠራ። የገጠመው መቺ ኔታን ሉክስ ነበር። አንድ የተበላሸች ውርወራ ብትሄድ ነጥብ ትቆጠራለች። ሦስት «ኳስ» (ከልክ የወጣ ውርወራ) እና ሁለት ስትራይክ ድረስ ተጓተቱ፤ በመጨረሻም መቺው ኳሷን መሬት ለመሬት ነካት፣ ከሁለተኛው ቤዝ አጠገብ የነበረው ቶሚ ኤድማን አንስቶ አቀበላትና ሰውየው ተሰናበተ። ከርሾ ወጣ፣ ሌሎች ገቡ፤ ጨዋታው በ18ኛው ኢኒንግ 6 ለ 5 ሲያልቅ በአዲስ አበባ ጠዋት 4 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። የዚያን ዕለት ለምን እንዳረፈድኩ ለአለቃዬ የሰጠሁትን ምክንያት እዚህ አልጽፈውም።

አሜሪካኖቹ እንዴት ይመዝናሉ ላሉት፦ ተጫዋች ከተሰናበተ በኋላ አምስት ዓመት ይጠበቃል፤ ከዚያ በማኅበራቸው ቢያንስ ለ10 ዓመት የቆዩ የቤዝቦል ጋዜጠኞች ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከመቶ 75 ያገኘ ኒው ዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን ከተማ ባለው የዝነኞች አዳራሽ ይገባል። የከርሾ ስም የሚቀርበው በ2031 ነው። እንደሚገባ የሚጠራጠር ሰው አላጋጠመኝም፤ የሚከራከሩበት የቀድሞውን የዶጀርስ ግራኝ ሳንዲ ኩፋክስን ይበልጣል ወይስ ያንሳል በሚለው ነው። ኩፋክስ በፍጻሜ ጨዋታዎች አማካዩ 0.95 ነበር፤ በጠቅላላው ያሸነፈው ግን 165 ጨዋታ ነው። እኔ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶኝ ወርዋሪ ምረጥ ብባል ኩፋክስን፣ 18 ዓመት የሚያገለግለኝ ምረጥ ብባል ከርሾን እወስዳለሁ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚያንስ ታላቅነት ነው ብዬ አላምንም።

ለአጎትዎ የሚነግሩት ደግሞ ይኸውልዎ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላልና ታላቅዎ ቢሆኑም በዚህ አይቆጡዎትም። ኦክቶበር 13 ቀን 2016፣ በእሳቸው ከተማ፣ በናሽናልስ ሜዳ፣ እንዲሁ አምስተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ዶጀርስ 4 ለ 3 እየመሩ በ9ኛው ኢኒንግ ሁለት የናሽናልስ ሰዎች ቤዝ ላይ ወጡ፤ ዋናው ዘጊ ወርዋሪም ከ50 በላይ ኳስ ወርውሮ ተዝለፍልፎ ነበር። ያን ጊዜ ከርሾ ከሁለት ቀን በፊት 110 ኳስ በወረወረበት ክንዱ ወጣ፤ አንዱን መቺ ኳሷን ወደ ሰማይ አስመትቶ አስያዘው፣ ሌላውን በስትራይክ አሰናበተው፤ ናሽናልስም ወደ ቤታቸው ሄዱ። አጎትዎ ያን ምሽትም ሳያዩት አልቀሩም።

ጥያቄ

ከርሾ ከባለቤቱ ጋር በዛምቢያ ወላጅ ላጡ ልጆች ቤት እንዳሠራ አንብቤያለሁ። ስለ አንድ ስፖርተኛ ትቶት የሚሄደው ስም ሲነሳ ይህ ለምን አይቆጠርም? ተማሪዎቼ ከነጥብ ሌላ ቁጥር የሌለ ይመስላቸዋል።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት፣ ከ4 ኪሎ

መልስ

እዚያም ይቆጠራል፣ መምህርት፤ ግን በሌላ መዝገብ ነው። ከርሾና ባለቤቱ ኤለን ከተጋቡ በኋላ በ2011 መጀመሪያ አብረው ወደ ዛምቢያ ሄዱ፤ በዚያ ዓመት በስትራይክ ለሚያሰናብተው ለእያንዳንዱ መቺ 100 ዶላር እየመደበ ሉሳካ ውስጥ ለሚሠራው ቤት ገንዘብ አሰባሰበ። በዚሁ ምክንያት በ2012 የሮቤርቶ ክሌሜንቴን ሽልማት አግኝቷል። ክሌሜንቴ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ሲሆን በ1972 የመጨረሻ ቀን ለኒካራጓ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች ዕርዳታ ይዞ ሲሄድ አውሮፕላኑ ተከስክሶ የሞተ ታላቅ ተጫዋች ነው፤ ሽልማቱም በሜዳ ብቃት ብቻ የሚሰጥ አይደለም።

የአዳራሹ ደንብም መራጮች የተጫዋቹን ጠባይና ሐቀኝነት እንዲመለከቱ ያዛል። ይህ ደንብ ጎልቶ የታየው ግን ሰው በመግፋት ነው፦ 762 ሆም ረን (ኳሷን ከአጥር ማዶ የሚሰድ ምት) የመታው ባሪ ቦንድስና የሳይ ያንግን ሽልማት ሰባት ጊዜ የወሰደው ሮጀር ክሌመንስ ስማቸው ከአበረታች መድኃኒት ጋር በመነሳቱ በጋዜጠኞቹ ድምፅ አሥር ዓመት ተሞክሮላቸው በ2022 ሳይገቡ ቀርተዋል። መልካም ሥራ ግን ደካማ ወርዋሪን አስገብቶ አያውቅም፤ ባያስገባም ደግ ነው እላለሁ። የሉሳካው ቤት የ2023ን ስድስት ነጥብ ለማካካስ የተሠራ አይደለምና እዚያ ሚዛን ላይ ብናወጣው ቤቱን ማሳነስ ይሆናል። ለተማሪዎችዎ ሲነግሩ በመቶ ዶላሯ ቢጀምሩ ይሻላል፤ ቁጥር ስለሆነች ቶሎ ይይዟታል።

ጥያቄ

ሰው ሲጨበጨብለት መውረድ አለበት ባይ ነኝ። ከርሾ ትከሻውን፣ እግሩንና ጉልበቱን በቀዶ ጥገና ካስጠገነ በኋላ ለምን እንደገና ተመለሰ? ቀደም ብሎ ቢያቆም ስሙ አይበልጥም ነበር?

አንባቢ፣ ከካዛንቺስ

መልስ

ምሳሌ የሚሆንዎት ኩፋክስ ነው፤ እርሱ በ1966፣ ገና በ30 ዓመቱ፣ ከሁሉ በላይ በሆነበት ሰዓት ክንዱ ስላመመው አቁሞ በ36 ዓመቱ አዳራሹ ገብቷል። ያማረ ስንብት ነው፤ ነገር ግን ያቆመው ሐኪም ካስፈራው በኋላ እንጂ ጭብጨባውን ቆጥሮ አይደለም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ኃይሌ አለ። በኖቬምበር 2010 የኒው ዮርክን ማራቶን ጉልበቱን አሞት አቋርጦ ወጣና በዚያው ዕለት «በቃኝ» አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ፤ ከውድድር የተሰናበተው በ2015 ማንችስተር ላይ ነው። በእነዚያ ዓመታት የኦሎምፒክ ወርቅ አልጨመረም፣ የዓለም ክብረ ወሰንም እንዲሁ። ያን ጊዜ ስታዲየም አካባቢ በሚገኙ ካፌዎች «ምነው ቢያርፍ» የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር አንዱ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ግን ከእነዚያ ዓመታት ስሙን የጎዳ አንድ ነገር ጥቀስ ብባል የምጠቅሰው የለኝም። መሮጥ የሚወድ ሰው ሮጠ፣ ይኸው ነው።

ከርሾም ቢሆን ለልመና አልቆየም። በመጨረሻው ዓመት፣ በ2025፣ 11 ጨዋታ አሸንፎ 2 ብቻ ተሸንፏል፤ ኳሱ እንደ ወጣትነቱ አትፈጥንም፣ አማካዩም 3.36 ደርሶ ነበር፤ ለእርሱ ብዙ፣ ለሌላው ግን ጥሩ የሚባል ነው። ስንብቱን ሴፕቴምበር ላይ ራሱ አስታወቀ፤ ቀደም ብሎ ቢያቆም ኖሮ 3,000ኛውን አያሰናብትም ነበር፣ ያንን የ12ኛ ኢኒንግ ሰውም ሌላ ሰው በገጠመው። ሰባተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ቶሮንቶ ላይ በ11ኛው ኢኒንግ 5 ለ 4 ሲያልቅ ጓደኞቹ እየጮኹ ወደ መሐል ሜዳ ሲሮጡ፣ እርሱ ወርዋሪዎች በሚሟሟቁበት ስፍራ ነበር፤ ቀጣዩን መቺ እንዲገጥም ታዝዞ ክንዱን እያሟሟቀ።